መልስ፦ የእንሽርት ውሃ እንደፈሰሰ ልጁ ይወለዳል ወይ?

ወንድሜ፣ በድራማ ላይ ውሃው ፈስሶ ልጁ ወዲያው ሲወለድ አይተህ፣ ነፍሰ ጡር ባለቤትህም እንዲሁ ትሆን እንደሆነ ጠይቀሃል። ብዙ ጊዜ እንደ ድራማው ውሃው በፈሰሰ በደቂቃዎች ውስጥ አይወለድም። የመጀመሪያ ልጅ ምጥ ብዙ ጊዜ 12 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። አብዛኞቹ እናቶች ላይ ደግሞ ምጡ ይቀድማል፤ ውሃው የሚፈሰው ምጡ ከገፋ በኋላ ነው።

ባለቤትህ ላይ ውሃው ከቀደመ ግን ምጥ እስኪመጣ ቤት አትቆዩ፤ በቆየ ቁጥር ኢንፌክሽን የመግባቱ ዕድል ይጨምራል።

1. የፈሰሰበትን ሰዓት ያዝ።
2. ንጹሕ ጨርቅ ታድርግና ቀለሙን እዩ።
3. ጥርት ያለ ቢሆንም ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። አረንጓዴ ከሆነ፣ ደም ከበዛው ወይም እትብት ብቅ ካለ በዚያው ቅጽበት አምቡላንስ ጥራ።

«ምጡ በየ5 ደቂቃው ሲመጣ ሂዱ» የሚባለው ለከተማ ሰው ነው። ከመንዝ ገጠር መሐል ሜዳ ከተማ ለመድረስ፣ በተለይ በክረምት ጭቃ፣ ያ በጣም ይዘገያል። ጤና ጣቢያችሁ የእናቶች ማቆያ (መውለጃቸው የተቃረበ እናቶች የሚያርፉበት ቤት) ካለው የመውለጃ ቀኗ 2 ሳምንት ሲቀረው ትግባ።

ድራማው ልጁ ሲያለቅስ ያበቃል፤ እናትን የሚገድለው የደም መፍሰስ ግን የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የእንግዴ ልጁ በ30 ደቂቃ ውስጥ መውጣት አለበት። እሷም ደህና ብትመስል እንኳ 24 ሰዓት ሳይሞላ ከጤና ጣቢያው ይዘሃት እንዳትወጣ።