ለሙሽሮች በነፃ የተሰጠ ክፍል ታክስ ይከፈልበታል?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ ሆቴል አለኝ። አዳራሼን ለሰርግ ለሚከራዩ ሙሽሮች የአንድ ሌሊት ክፍል በነፃ እሰጣለሁ። ቱሪስት ይዘው ለሚመጡ ሾፌሮችም እንዲሁ። አልፎ አልፎ ዘመድም ያድርብኛል። በነዚህ ክፍሎች 360,000 ብር ታክስ ተወሰነብኝ። ኤክሳይዝ ነው አሉኝ። ፍርድ ቤት ልሂድ?

መልስ፦ መጀመሪያ የውሳኔ ማስታወቂያውን በደንብ ያንብቡት። ኤክሳይዝ በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 የተጣለው እንደ መጠጥ፣ ሲጋራና መኪና ባሉ ዕቃዎች ላይ ነው። የሆቴል አልጋ እዚያ ውስጥ የለም። የተወሰነብዎት 15 በመቶ ቫት ይመስለኛል። ወረቀቱ በእርግጥ ኤክሳይዝ የሚል ከሆነ ግን የመጀመሪያ መቃወሚያዎ እሱው ይሁን።

ሦስቱን እንግዶች በአንድ ሙግት አይጠቅልሏቸው። ጠንካራው ነጥብዎ የሙሽሮቹ ክፍል ነው። እውነቱን ለመናገር ነፃ አይደለም፤ ዋጋው በአዳራሹ ኪራይ ውስጥ አለ። በኪራዩ ላይ ቫት ከከፈሉ፣ ያው ክፍል ሁለቴ ታክስ ሊጣልበት አይገባም ብለው ይከራከሩ። ውሉ ላይ «የአዳራሽ ኪራይ፣ የሙሽሮች ክፍልን ጨምሮ» የምትል መስመር ካለች ከደረሰኙ ጋር አያይዟት። እሷ ከሌለች ነገሩ ይከብዳል። ውሳኔው ስህተት መሆኑን የማስረዳት ሸክም የግብር ከፋዩ ነውና። ለሾፌሮቹ ደግሞ ከአስጎብኚው ጋር የተስማሙበትን ደብዳቤና የእንግዳ መመዝገቢያ ካርዱን ያቅርቡ። የዘመዶቹን ክፍል እኔ ብሆን አልከራከርበትም።

ቀጥታ ፍርድ ቤት መሄድ አይቻልም። በአዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ማስታወቂያው በደረሰዎት በ21 ቀን ውስጥ ታክሱን ለወሰነው የታክስ ባለሥልጣን ቅሬታ ያቀርባሉ። የማይከራከሩበትን ታክስ ግን አስቀድመው መክፈል አለብዎት። መልሱ ካላረካዎት በ30 ቀን ውስጥ ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ይግባኝ ይላሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገጣል፤ ከሚከራከሩበት ታክስ ግማሹን ካልከፈሉ ይግባኙ አይመዘገብም። ሙሉውን ከተከራከሩ 180,000 ብር ማለት ነው። ገንዘቡን ከአሁኑ ያዘጋጁ። ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ድሬዳዋም ያስችላል። እሱም የሚያየው የሕግ ጥያቄ ብቻ ነው፤ የተከፈለው ደግሞ ከሚከራከሩበት ታክስ 75 በመቶ መድረስ አለበት። ስለዚህ ውልና ደረሰኝዎ ኮሚሽኑ ፊት ካልቀረበ ኋላ ይቆጭዎታል።

ማስታወቂያው መቼ እንደደረሰዎት አልጻፉልኝም። ቀኑ ከተጠጋ፣ 21ኛው ቀን ሳያልፍ ጊዜ እንዲራዘምልዎት በጽሑፍ ያመልክቱ። ሲያስገቡ ቅጂው ላይ ማህተምና ቀን ማስመታትዎን አይርሱ።