ጂኑ ከተገኘ በኋላ ያለው ሥራ

ልጆቼ፣

ፀጉሬ የሸበተው በዘረመል ጥናት ነው። «የሕዝብን ጤና በዘረመል ማሻሻል እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» እያላችሁ ትጽፉልኛላችሁ። ስለ ፕሮግራሚንግና ስለ ስታቲስቲክስ እንድመክራችሁ ነው የምትጠብቁት። እሱን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እኔ የማወራችሁ ስለ አንድ መድኃኒት ነው።

ካርባማዜፒን ለሚጥል በሽታ ይታዘዛል። የቆየ መድኃኒት ነው፣ ይሠራል። ጥቂት ሰዎች ግን ሲወስዱት ቆዳቸው እንደተቃጠለ ሰው ይላጣል፤ አፍና ዓይናቸው ይቆስላል፤ የሚሞትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 የታይዋን ተመራማሪዎች ይህ የደረሰባቸውን 44 ሕሙማን መረመሩ። 44ቱም ኤችኤልኤ-ቢ 15፡02 የሚባል የጂን ዓይነት ነበራቸው። መድኃኒቱን በሰላም ከወሰዱት 101 ሰዎች ግን የተገኘው በሦስቱ ብቻ ነው።

ይህ ጂን በደቡብ ምሥራቅ እስያ ብዙ ሕዝቦች ዘንድ የተለመደ ነው። አውሮፓውያን ላይ እምብዛም አይገኝም። ናሙናው ከአውሮፓ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማን ያየው ነበር?

ቀጥሎ በታይዋን 4,877 ሰዎች ካርባማዜፒን ከመጀመራቸው በፊት ተመረመሩ። ጂኑ ያለባቸው መድኃኒቱን እንዳይወስዱ ተደረገ። ጉዳቱ ቀድሞ በሚደርስበት መጠን ሲሰላ አሥር ያህል ሰው መታመም ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ ሲታተም አንድም የታመመ አልነበረም።

እዚህ ላይ ብናቆም ደስ ባለኝ። ነገር ግን ሆንግ ኮንግም እ.ኤ.አ. በ2008 ምርመራውን በመመሪያ ጀምራ ነበር። ኋላ ሲቆጠር፣ በካርባማዜፒን የሚመጣው ጉዳት ጠፍቷል፤ የተጎጂዎቹ ጠቅላላ ቁጥር ግን ንቅንቅ አላለም። ሐኪሞቹ ካርባማዜፒን ማዘዝ ቀንሰው ምርመራው የማይጠየቅበትን ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ ፌኒቶይንን፣ ማዘዝ አበዙ። እሱም ያንኑ ጉዳት ያስከትላል። አልፈርድባቸውም። በር ላይ ሰልፍ እየጠበቀው ያለ ሐኪም «የላብራቶሪ ውጤት እስኪመጣ ቆይ» ሲባል አቋራጭ ቢፈልግ ምን ይገርማል?

ስለዚህ ጂን ፍለጋ ከመግባታችሁ በፊት ሄዳችሁ አንድ ሐኪም አጠገብ ቁጭ በሉ። ውጤቱ በስንት ቀን ይደርሳል? ማን ይከፍላል? ጂኑ ያለበት ሰው በምትኩ ምን ይሰጠዋል? ለእነዚህ መልስ ከሌላችሁ ግኝታችሁ መጽሔት ላይ ነው የሚቀረው።

ስለ ናሙና አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገ ቆጠራ፣ በሽታና ጂንን በሚያገናኙ ሰፋፊ ጥናቶች ከተሳተፉት ሰዎች 81 በመቶው የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ነበሩ። ይህን አስተካክሉ። ግን ደግሞ «ከዚያ ሕዝብ ነው» ብላችሁ የሰውን ደም በመልኩ እንዳትገምቱ። የሕዝብ አማካይ ምርመራው የት መዘርጋት እንዳለበት ይጠቁማችኋል። ፊታችሁ የተቀመጠው ሰው ጂኑ ይኑርበት አይኑርበት ግን የሚነግራችሁ ምርመራው ብቻ ነው።

የራሴን ጥፋትም ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ ከአንድ አካባቢ ሰዎች ደም ወሰድኩ። «ውጤቱን ይዘን እንመለሳለን» አልኳቸው። ጽሑፉ ታተመ፣ ተሾምኩበት፣ አልተመለስኩም። ከዓመታት በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ እዚያው ሄደ። «ያኔ የወሰዳችሁት ደም የት ደረሰ?» ብለው ጠየቁት። አንድም ሰው ክንዱን አልሰጠውም። እሱ ሲነግረኝ የምገባበት ጠፋኝ።

አሁን የምርምር ዕቅድ ስገመግም መጀመሪያ የማየው በጀቱን ነው። ውጤቱን ለሰዎቹ ለመመለስ የተያዘ ነዳጅና የሰው ጊዜ ካላገኘሁበት ቀሪውን ሳላነብ ለባለቤቱ እመልሰዋለሁ።