ሰንሰለቱ ብረት፣ ጥርሱ ፕላስቲክ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉም በሪሞት ስለሚነዳ አሻንጉሊት ታንክ ናቸው። አንባቢዎቻችን ከመኪና ወደ ታንክ ተሸጋግረዋል መሰለኝ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ መልሶቹን ግን እንደመጡልኝ ለቅቄያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከዱባይ ሲመጣ የሄንግ ሎንግ ታይገር ታንክ አመጣልኝ፣ 1/16 የሚባለውን፣ ከእውነተኛው 16 ጊዜ የሚያንሰውን። አሪፍ ነበር። በኋላ የብረት ሰንሰለት ለብቻው አስመጥቼ ገጠምኩለት። መልኩ አንጀት ያርሳል፣ ድምፁም ሌላ ሆነ። ግን ብዙም ሳይቆይ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ደህና ይሆንና ሲዞር ቀቀቀቅ ብሎ ይቆማል። ዲናሞው ተቃጥሎ ይሆን? ጠንከር ያለ ልቀይርለት? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ዲናሞውን ተወው። የተቃጠለ ዲናሞ ሽታው ያሳብቅበታል። ያ ቀቀቀቅ የማርሽ ጥርስ ሲዘል የሚያሰማው ድምፅ ነው።

ታንክ መሪ የለውም። ወደ ግራ ለመዞር የግራው ሰንሰለት ይቆማል ወይ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የቀኙ ይገፋል፣ ያን ጊዜ ሁለቱም ሰንሰለቶች የታንኩን ክብደት እንደተሸከሙ መሬቱ ላይ ወደ ጎን ይጎተታሉ። ስለዚህ ማርሹን ዳገት ብቻ ሳይሆን መዞርም ነው የሚገድለው። የርካሹ ሞዴል ማርሽ ደግሞ የተሠራው ለፕላስቲክ ሰንሰለት ነው። አንተ ብረት አሸከምከው። አሁን ጠንካራ ዲናሞ ብትጨምርበት የቀሩትን ጥርሶች ቶሎ ይጨርስልሃል፣ ሌላ ጥቅም የለውም።

ክፈተውና እየው። ከሆዱ ስር ያሉትን ብሎኖች በካቻቢቴ ፍታ። ክዳኑን ስታነሳ ዝም ብለህ አትሳበው፣ ወደ ላይኛው ክፍል የሚሄዱ ገመዶች አሉ፤ ከመንቀልህ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳቸው። ከዚያ የማርሽ ሳጥኑን ከፍተህ፣ ከዲናሞው ራስ ላይ ካለችው ትንሽ ጥርስ ቀጥለው ያሉትን የፕላስቲክ ጥርሶች በጥፍርህ ዳስሳቸው። ደህናው ጥርስ ጥፍር ይይዛል። የተበላው ያንሸራትታል፣ ዙሪያውም የፕላስቲክ ብናኝ ታያለህ።

መፍትሔው ሁለቱንም የማርሽ ሳጥኖች በብረት መቀየር ነው። አንዱን ብቻ ከቀየርክ የግራና የቀኙ ፍጥነት ላይገጥም ይችላል፣ ታንኩም ወደ አንድ ጎን ይስብሃል። ሰንሰለቱን የሚነዳውን ባለጥርስ ጎማና ከኋላ ያለውን መወጠሪያ ጎማም ብረት አድርጋቸው፣ አለዚያ ሰንሰለቱ እንደ ሞረድ ይፈገፍጋቸዋል። አስተውል፣ ቅደም ተከተሉ ይህ ነበር፦ መጀመሪያ ማርሽ፣ ቀጥሎ ጎማ፣ በመጨረሻ ሰንሰለት። ገበያ ላይ ግን ዓይን የሚገባው ሰንሰለቱ ስለሆነ ሁሉም ከእሱ ይጀምራል።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ሰንሰለቱን ክራር አታስመስለው። የእውነተኛው ታይገር ሰንሰለት ከላይ በኩል ጎማዎቹ ላይ ተኝቶ ነው የሚሄደው። ያንተም እንደዚያ ትንሽ ይርገብ። በጣም ከተወጠረ ባትሪ ይበላል፣ ዲናሞ ያግላል፣ የመወጠሪያውን መያዣም ይሰነጥቃል። በጣም ከላላ ደግሞ መዞሪያ ላይ ይወልቅብሃል። ማስተካከያው ካልበቃህ ፒኑን ገፍተህ አንድ የሰንሰለት ቁራጭ ቀንስለት። ሰንሰለቱን ግሪስ አትቀባው፣ የአዲስ አበባ አቧራ ግሪስ ላይ ሲያርፍ የብርጭቆ ወረቀት ሥራ ነው የሚሠራው። ግሪስ የሚገባው ማርሽ ሳጥኑ ውስጥ ብቻ ነው። ኮብልስቶን ላይም አትንዳው።

ጥያቄ፦ ታንክ ከባዶ እየሠራሁ ነው። ዲናሞዎቹን ከተበላሹ ፕሪንተሮች ነው ያወጣኋቸው። አርዱዊኖ የሚባል መቆጣጠሪያ ቦርድ፣ ዲናሞውን የሚነዳ ኤል298ኤን ድራይቨርና ሁለት የላፕቶፕ ባትሪ ሴሎች አሉት፣ የምነዳው በስልክ ብሉቱዝ ነው። ጠረጴዛ ላይ ገልብጬ ስሞክረው ጎማው ይዞራል። መሬት ላይ ሳስቀምጠው ግን ይቆማል፣ አንዳንዴ ብሉቱዙም ይቋረጣል። ኮዱ ይሆን? (ከአምስት ኪሎ)

መልስ፦ ኮዱን አትንኪው፣ ጎማውን ካዞረ ሠርቷል። ችግርሽ ያለው ከባትሪው እስከ ዲናሞው ባለው መንገድ ላይ ነው።

አንደኛ፣ የፕሪንተር ዲናሞ ብዙ ጊዜ ለ24 ቮልት የተጠቀለለ ነው። አንቺ የምትሰጪው 7.4 ቮልት ነው። በዚያ ላይ ኤል298ኤን ራሱ መንገድ ላይ ይቆርጥልሻል፦ በ1 አምፒር ወደ 2 ቮልት ገደማ፣ በ2 አምፒር ከዚያም በላይ ይበላል፣ የሚበላውንም ወደ ሙቀት ነው የሚለውጠው። ስለዚህ ዲናሞው ጋ የሚደርሰው 5 ቮልት ቢሆን ነው። ብታምኚኝም ባታምኚኝም ታንኩን ይዘሽ ቴስተሩን በዲናሞው ሁለት እግሮች ላይ አድርገሽ ለኪው። የአሻንጉሊት ዲናሞ 380 የሚባለውን መጠን ፈልጊ፣ ምናለሽ ተራ ከተሰባበሩ የልጆች መኪናዎች ውስጥ ጠጋ ያለ ልታገኚ ትችያለሽ። ድራይቨሩን ደግሞ በቢቲኤስ7960 ቀይሪው፣ ለእያንዳንዱ ዲናሞ አንድ አንድ። ኤል298ኤን በአንድ ዲናሞ ከ2 አምፒር በላይ አይችልም፤ ሰንሰለት ጎትቶ የተጨናነቀ ዲናሞ ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ የብሉቱዙ መቋረጥ። የዲናሞው ካርቦን እሳት በረጨ ቁጥር ሲግናሉን ይረብሻል። 104 የሚል የተጻፈበት ትንሽ ክብ ካፓሲተር ግዢ፣ 0.1 ማይክሮፋራድ ማለት ነው። አንዱን በሁለቱ እግሮች መካከል፣ ሁለት ደግሞ ከየእግሩ ወደ ዲናሞው ቆርቆሮ በይጂ። ቆርቆሮውን መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጊው፣ አለዚያ ብየዳው አይዝልሽም። ርቀቱን በተመለከተ፣ የተለመደው የብሉቱዝ ሞዱል 10 ሜትር ገደማ ነው፣ ከዚያ በላይ ከፈለግሽ በ2.4 ጊጋኸርዝ ሪሞት ቀይሪው።

ሦስተኛውን አልጠየቅሽኝም፣ ግን እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው። ሁለቱን ሴሎች በምንድነው ቻርጅ የምታደርጊያቸው? በቲፒ4056 ከሆነ አቁሚ። እሱ የአንድ ሴል ቻርጀር ነው፣ 4.2 ቮልት። ሁለት ተከታታይ ሴል ሲሞላ 8.4 ቮልት ነው። ለሁለት ሴል የሚሆን መከላከያ ቦርድና 8.4 ቮልት ቻርጀር ያስፈልግሻል። ከባትሪው ፕላስ አጠገብም ፊውዝ ይኑር።

ጥያቄ፦ የልጄ ታንክ ባትሪ አብጧል። እስካሁን ይሠራል። ልጁ በመርፌ ወግቼ አየሩን ላስወጣ ይለኛል። ሌላ ባትሪስ እህቴ ከዋሽንግተን ይዛ መምጣት ትችላለች? (እናት፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ እግዜር ያሳይዎ፣ መርፌውን ይደብቁ! ውስጡ ያለው አየር ሳይሆን የሚቀጣጠል ጋዝ ነው። ዛሬውኑ ከታንኩ ይውጣ፣ ዳግመኛ ቻርጅ አይደረግ፣ አሸዋ ያለበት የብረት ዕቃ ውስጥ ተደርጎ ከቤት ውጪ ይቀመጥ። እህትዎ ይዛ መምጣት ትችላለች። ትርፍ የሊቲየም ባትሪ ግን ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ በእጅ ቦርሳ ነው የሚያዘው፣ ጫፎቹም በፕላስተር ይሸፈኑ። ገደቡ 100 ዋት አወር ነው። የልጅዎ ባትሪ እንደ ብዙዎቹ 7.4 ቮልት፣ 1800 ሚሊአምፒር አወር ከሆነ 13 ገደማ ቢሆን ነው፣ አያሳስባትም።

ጥያቄ፦ በወጣትነቴ ቲ-55 ታንክ ላይ ሠርቻለሁ። የልጅ ልጄ ታይገር አለው። ያንን ቀይረን ቲ-55 ማድረግ ይቻላል? (ጡረተኛ፣ ከጥቁር አንበሳ አካባቢ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ስለ ታንኩ እኔ ለእርስዎ አልነግርም፣ ስለ አሻንጉሊቱ ግን ላማክርዎ። ታይገሩን አይንኩት። የእሱ ነጂ ጥርስ ከፊት ነው፣ ጎማዎቹም አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረቡ ናቸው። የቲ-55 ነጂ ከኋላ ነው፣ ጎማውም በየጎኑ አምስት። ልብሱን ቢቀይሩለት እንኳ እግሩ ያጋልጠዋል።

የሚቀርበው ቲ-34 ነው። እሱም ከኋላ ይነዳል፣ እሱም አምስት ትልልቅ ጎማ አለው፣ በ1/16 የተሠራውም ገበያ ላይ አለ። ነገር ግን ይጠብባል። የቲ-55 ስፋት 3.27 ሜትር ነው፣ ለ16 ሲካፈል 20.4 ሴንቲ ሜትር፤ ቲ-34 ደግሞ 3 ሜትር፣ ማለትም 18.75። ልዩነቱን ከሁለቱም ጎን ማስታወቂያ ሠሪዎች በሚጠቀሙበት ነጭ የፒቪሲ ቦርድ ይሙሉት፣ ቁርጥራጩን በትንሽ ገንዘብ ይሰጡዎታል። መጋጠሚያውን በስቱኮ ይድፈኑ። ቲ-55 ከነመድፉ 9 ሜትር ስለሆነ የእርስዎ 56 ሴንቲ ሜትር ይወጣዋል፣ መደርደሪያውን አስቀድመው ይለኩ።

ሥራው ያለው ጎማው ላይ ነው። በቲ-55 ላይ ከፊት በአንደኛውና በሁለተኛው ጎማ መካከል ያለውን ሰፊ ክፍተት እርስዎ በደንብ ያውቁታል፣ ልጁ ግን አያውቅም። ክፍተቱን ወደ ኋላ፣ በሦስተኛና በአራተኛ፣ በአራተኛና በአምስተኛ መካከል ካደረገው ቲ-62 ሠራ ማለት ነው። ስለዚህ የጎማ አክሰሎቹን ቀዳዳ የሚያመለክቱት እርስዎ ይሁኑ፣ መቦርቦሩን ለእሱ ይተዉለት።