ሴሎቹ ለምን አይሄዱም ላልሽው

እህቴ "ሲኤክስሲኤል12 የሚባለው ፕሮቲን የመቅኔ ስቴም ሴሎችን (የደም ሴሎች የሚወለዱባቸውን) እዛው ይይዛቸዋል ይላሉ፣ ደሞ ከደም ወደ መቅኔ ይጠራቸዋል ይላሉ፣ አንድ ፕሮቲን ሁለቱንም እንዴት ይሰራል? እኔ ጋስ ትራንስዌል (ሴሎቹ ከላይ፣ ሳቢው ፕሮቲን ከታች ሆኖ፣ በመሃል ባለው ባለ ቀዳዳ ሽፋን የወረዱት የሚቆጠሩበት እቃ) ላይ ለምን አይንቀሳቀሱም?" ላልሽው፣ እኔንም ስጀምር አናቴን ያዞረኝ ነገር ነው።

ፕሮቲኑ ራሱ ና ወይ ቁም አይልም። ሴሉ የሚያየው ልዩነቱን ነው፣ በየትኛው ጎኔ ይበዛል እያለ። የሚያመርቱት መቅኔ ውስጥ ያሉት የስትሮማ (ደጋፊ) ሴሎች ስለሆኑ እዛ ይበዛል ደም ውስጥ ያንሳል፣ ስለዚህ ደም ውስጥ ላለው ሴል ግባ ይሆናል፣ ገብቶ ለተቀመጠው ደሞ የት ልትሄድ ነው ይሆናል፣ መልእክቱ ግን ያው አንድ ነው። ሲኤክስሲአር4 የሚባለው ተቀባይ ሲይዘው ጂ ፕሮቲን በሚባለው መልእክት አስተላላፊ በኩል የሴሉ አጽም የሆነው አክቲን በዛ ጎን ይገነባና ሴሉ ወደዛ ይሳባል፣ ደም ስር ውስጥ እየተንከባለለ የሚያልፈውም ቪኤልኤ-4 የሚባለው ኢንቴግሪኑ (መያዣ ፕሮቲኑ) ይነቃና ግድግዳው ላይ ያለውን ቪካም-1 ይዞ ይቆማል፣ ከዛ ነው ሾልኮ የሚገባው።

ፕሌሪክሳፎር የሚባለውን መድሃኒት አስቢው። መጀመሪያ ለኤችአይቪ ነበር የታሰበው፣ ቫይረሱም በሲኤክስሲአር4 ሊገባ ስለሚችል። ተቀባዩን ሲዘጋው ግን ስቴም ሴሎቹ በሰዓታት ውስጥ ወደ ደም ይወጣሉ፣ በፈረንጆቹ 2008 የአሜሪካው መድሃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ የፈቀደውም ጂ-ሲኤስኤፍ ከሚባለው መቅኔን የሚያነቃቃ መድሃኒት ጋር ሆኖ ለዚሁ ስቴም ሴል ለመሰብሰብ ነው። ጂ-ሲኤስኤፍ ለብቻው ቀናት የሚፈጅበት ዙሮ ስለሚመጣ ነው፣ መቅኔው ውስጥ ያለውን ሲኤክስሲኤል12 ነው የሚቀንሰው። ዊም ሲንድሮም የሚባለው በዘር የሚመጣ በሽታ ደሞ ግልባጩ ነው፣ ተቀባዩ በሚውቴሽን ስራውን አላቆም ይልና ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች መቅኔ ውስጥ ታጉረው ደም ውስጥ ይጠፋሉ።

ወደ ትራንስዌልሽ ስንመጣ እኔ የሰራሁትን ስህተት ልንገርሽ። ሴሎቹ ይነቁ ብዬ ቀድሜ ሲኤክስሲኤል12 ውስጥ አቆይቻቸው ነበር፣ ጭራሽ ቀጥ አሉ! ለካ ተቀባዩ ብዙ ሲነካ ከሴሉ ላይ ወደ ውስጥ ይገባል፣ የሚያነብበት ነገር አልቀረውም። ሌላው ደሞ ብዙ እንዲወርዱ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ተውኳቸው፣ እስከዛ ላይና ታቹ ተቀላቅሎ ልዩነቱ ጠፍቷል፣ አሁን 4 ሰዓት ያህል ብቻ አቆይቼ ነው የምቆጥረው። ሚዲየሙ (ሴሎቹ ያሉበት ፈሳሽ) ላይ ቢኤስኤ የሚባለውን የከብት ደም ፕሮቲን ጨምሪ፣ አለበለዚያ ፕሮቲኑ ፕላስቲኩ ላይ ይጣበቅና ታች አደረግኩ ያልሽው የለም ማለት ነው (ይሄን ሳላውቅ ስንት ጊዜ ሻጩን ወቅሻለሁ)። በረዶ ቤት እያወጡ እየመለሱ ማቅለጥም ይገድለዋል፣ በትንንሹ ከፋፍለሽ አስቀምጪው።

አንድ ዌል (የሳህኑ ጉድጓድ) ላይ ደሞ ፕሮቲኑን ላይም ታችም እኩል አድርጊ። እዛም ያው ያህል ከወረዱ እየተመሩ ሳይሆን ዝም ብለው እየተቅበዘበዙ ነው። የሽፋኑ ቀዳዳስ ስንት ማይክሮን ነው? እኔ 5 ነው የምጠቀመው፣ 8 ከሆነ ትንንሾቹ እንዲሁ ይወድቁብሻል።