ለጆርናል የቅጂ መብት ከመፈረም በፊት

እህታችን፣ «የመጀመሪያ ጽሑፌ ተቀባይነት አግኝቶ ጆርናሉ የቅጂ መብት ማስተላለፊያ ውል ልኮልኛል፤ መፈረም ግድ ነው? ከፈረምኩ በኋላስ ለተማሪዎቼ ማካፈል እችላለሁ?» ብለው ለጠየቁት፣ በራሴ የደረሰውን ላካፍልዎት።

እኔ የመጀመሪያውን ውል የፈረምኩት ጎንደር ቢሮዬ ውስጥ፣ የጽሑፌን መታተም ብቻ እያሰብኩ፣ ሳላነበው ነበር። ጥናቱ ስለ ወባ ሲሆን መረጃውን የሰበሰብነው በቆላ ድባ ዙሪያ ቤት ለቤት እየዞርን፣ በእርሳስ በሞላነው መጠይቅ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሥልጠና መጽሐፍ ስናዘጋጅ ከዚያው ጽሑፍ አንድ ግራፍ ለማስገባት ብጠይቅ፣ አሳታሚው ባለቤቱ እርሱ መሆኑን ገልጾ የፈቃድ ክፍያ ጠየቀኝ። እጅግ አዘንኩ፤ ውሉን አውጥቼ ሳነበው ግን ሁሉም በግልጽ ተጽፏል። መውጫ ያገኘሁት የቅጂ መብት የአገላለጽ እንጂ የመረጃ ባለቤትነት ስላልሆነ ነው፤ የአገራችን አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ለግኝትና ለጥሬ መረጃ ጥበቃ አይሰጥም። ስለዚህ ወደ መጠይቆቹ ተመልሼ ግራፉን በሌላ መልክ እንደ አዲስ ሠራሁት።

ውሉ የድርድር ሰነድ ነውና እንደ መጣ መፈረም ግድ አይደለም። ለሁለተኛው ጽሑፌ ለኤዲተሩ በትሕትና ጽፌ፣ መብቱ ከእኔ ጋር ቆይቶ ለጆርናሉ የማተም ፈቃድ ብቻ የምሰጥበት ቅጽ እንዲላክልኝ ጠየቅሁ፤ ተላከልኝም። ስፓርክ የተባለው የቤተ መጻሕፍት ኅብረት ለዚሁ ያዘጋጀውን፣ ደራሲው ለራሱ የሚያስቀራቸውን መብቶች የሚዘረዝረውን የደራሲ ተጨማሪ ውልም ከቅጹ ጋር አያይዞ መላክ ይቻላል።

እምቢ ካሉ ገምጋሚዎች አይተውት እርስዎ አርመው የላኩትን፣ ጆርናሉ ግን ገና በራሱ ቅርጽ ያላቀናበረውን የመጨረሻ ረቂቅ በጥንቃቄ ያስቀምጡ። ብዙ አሳታሚዎች ይህን ረቂቅ በዩኒቨርሲቲ ዲጂታል ማከማቻ ማኖርን ይፈቅዳሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ከ6 እስከ 24 ወር መጠበቅን ይጠይቃሉ። የተቀናበረውን ፒዲኤፍ በአደባባይ መለጠፍ ግን በአብዛኛው ክልክል ነው። በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ (ሌሎች ሥራውን በተገለጹ ሁኔታዎች እንዲያጋሩ አስቀድሞ በሚፈቅድ የተዘጋጀ ፈቃድ) የሚያትም ጆርናል ከሆነ ነገሩ ይቀላል፤ ሆኖም ለሁሉም ክፍት ሆኖ መብቱን የሚወስድም ስላለ፣ በታተሙ ጽሑፎቹ የመጀመሪያ ገጽ ግርጌ የመብቱ ባለቤት ማን ተብሎ እንደተጻፈ ይመልከቱ።

ተባባሪ ጸሐፊዎች ካሉዎት፣ ፊርማው እነርሱንም ስለሚያስር፣ ለኤዲተሩ ከመጻፍዎ በፊት ውሉን ይላኩላቸው።