ጥፍርሽን የሚልጠው ሞረድሽ ነው

ከሐዋሳ የጻፈችልኝ እህት ችግሯን እንዲህ ዘርዝራለች። የእጇ ጥፍር ጫፉ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በስሱ እየተነሳ ነጠላዋንና ሹራቧን ይይዝባታል። ግራ እጇ ከቀኙ ይብሳል፤ የእግር ጥፍሯ ግን ምንም አልሆነም። የምትሞርደው ቅዳሜ ቅዳሜ ልብስ አጥባ ስትጨርስ ነው፤ ጥፍሩ ለስለስ ስለሚል ይቀለኛል ትላለች። ሞረዷ ከጥፍር መቁረጫው ጋር የመጣው ብረት ነው፤ እሱን ከሁለት እህቶቿ ጋር በጋራ ይጠቀሙበታል። ከሦስት ወር በፊት ሽላክ የሚባለውን የጄል ጥፍር ቀለም ተሠርታ ነበር፤ ጠርዙ ሲነሳባት የቀረውን ራሷ ላጠችው። ነጭ ሽንኩርት አሽታበታለች፤ አሁን ደግሞ የጥፍር ቫይታሚን እየዋጠች ነው። ጥያቄዋ «የትኛውን ሞረድ ልግዛ? ወይስ ነገሩ ከምግብ ነው?» የሚል ነው።

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ የያዘኝ «ግራ እጄ ይብሳል» ያልሽው ነው። ከምግብ ቢሆን ኖሮ ጥፍርሽ ግራና ቀኝ አይለይም ነበር። ከውሃና ከበረኪና ብቻ ቢሆን ደግሞ ቀድሞ የሚጎዳው ብዙ ሥራ የሚሠራው ቀኝ እጅሽ ነው። ግራውን የሚሞርደው ግን ቀኝ እጅሽ ነው፤ ጉልበት ያለው፣ ፈጠን ፈጠን የሚለው እጅ። ቀኙን ስትሞርጂ ግራ እጅሽ ስለማይታዘዝሽ ቀስ ትያለሽ፣ ጥፍሩም ይተርፋል። ስለዚህ ጥፋቱን የምጥለው ሞረዱና አሞራረድሽ ላይ ነው። ግራኝ ከሆንሽ ጻፊልኝ፤ ያኔ ሌላ ነገር እንፈልጋለን።

ወደ ምርጫው ሳንገባ አንድ ነገር። ከደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ የታላቅ እህትሽ የእግር አውራ ጣት ጥፍር ወፍሮ ቢጫ እንደሆነ እግረ መንገድሽን ነግረሽኛል። እንዲህ ያለ ጥፍር ብዙ ጊዜ ፈንገስ ነው፤ ያንን የነካ ሞረድ ያንቺን ጥፍር መንካት የለበትም። ሞረድ በጋራ አይያዝም። ቆዳ ቢጭር ደም ይነካል፤ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ደግሞ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀን ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። የአንድ እናት ልጆችም ብትሆኑ ለየራሳችሁ ያዙ።

አሁን ጥፍሩ ለምን እንደሚላጥ ላስረዳሽ፤ ይህን ካወቅሽ ሞረድ ስትገዢ ማንም አያታልልሽም። የእጅ ጥፍር ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ያም ሆኖ አንድ ወጥ ነገር አይደለም። ጠፍጣፋ የሞቱ ሕዋሳት አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ተጣብቀው ነው ጥፍር የሚሆኑት። ባለሙያዎች በሦስት ክፍል ያዩታል። ላይኛው ስስና ጠንካራ ነው፤ የጥፍር ወዙ ከሱ ነው። ታችኛው ለስላሳ ሆኖ ሥጋው ላይ ይለጠፋል። አብዛኛውን ውፍረት የያዘው መካከለኛው ሲሆን፣ ክሮቹ ከጥፍሩ ሥር ወደ ጫፉ ሳይሆን ከጎን ወደ ጎን ነው የሚሄዱት። ጥፍር ሲቀደድ አግድም የሚሄደውም ለዚህ ነው፤ ክሮቹ በቁመት ቢሆኑ ኖሮ አንዲት ትንሽ ስንጥቅ እስከ ሥጋው ድረስ ትዘልቅ ነበር። ፈጣሪ በጥሩ መንገድ ነው ያበጀው። ጥፍር ውሃ ሲጠጣ ግን ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ይህ በቀን ብዙ ጊዜ ሲመላለስ በድርብርቦቹ መካከል ያለው ማጣበቂያ ይላላል። ልብስ አጥበሽ ስትነሺ ጥፍርሽ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ያበጠ፣ የላላ፣ ለስላሳ። በዚያ ሰዓት የብረት ሞረድ ስታስኬጂበት እያንዳንዱ ጥርስ ላይኛውን ድርብ ይዞ ብድግ ያደርገዋል። ሞረዱን መልሰሽ ስትጎትቺው ደግሞ የተነሳውን ከሥሩ አግኝቶ ይሰነጥቀዋል። በተከፈተው ስንጥቅ በሚቀጥለው ዕቃ ማጠብ ውሃ ይገባል፣ ሲደርቅ ይሰፋል፣ ነጠላሽ ይይዘዋል። አንቺ ደግሞ ሻካራውን ላስተካክል ብለሽ ያንኑ ብረት ታነሻለሽ። የሚለሰልስልሽ የመሰለሽ ጊዜ ጥፍሩ በብዛት የሚበላሽበት ጊዜ ነው። ብዙ ሴቶች ጥፍራቸው ደካማ ሆኖ የተፈጠረ ይመስላቸዋል፤ ጠጋ ብዬ ጠርዙን ሳየው ነጭ ክር ክር ያለ ብናኝ ተንጠልጥሎ አገኛለሁ፤ የብረት ሞረድ ምልክት ነው።

ከመቁረጫው ጋር የሚመጣው ብረት መቁረጫውን ለማሟላት የተጨመረ ነገር ነው። ጥርሱ ተስሎ የወጣ ሳይሆን ማሽን የተጫነው መስመር ስለሆነ ጥፍሩን ይቧጭረዋል እንጂ አይሞርደውም። እሱን ተይው።

የወረቀት ሞረድ የሚባለው በእንጨት ወይም በስፖንጅ ላይ የአሸዋ ወረቀት የተለጠፈበት ነው። ጫፉ ላይ ቁጥር ይኖረዋል፤ 100/180 ካለ አንዱ ፊት 100፣ ሌላው 180 ነው ማለት ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ይሻክራል። 80 እና 100 የተሠሩት ለሰው ሠራሽ ጥፍር፣ ማለትም ለአክሪሊክና ለጠንካራ ጄል ነው፤ በተፈጥሮ ጥፍር ላይ አይውሉም። 180 ጤነኛና ወፍራም ጥፍር ለማሳጠር ይሆናል። ላንቺ ከ240 በታች አልፈቅድም። ችግሩ ሱቅ ስትገቢ በብዛት የሚቀርብልሽ ያው 100/180 ነው፤ ሻጩም «ሁሉም አንድ ነው» ይልሻል። አንድ አይደለም። ቁጥር የሌለውን፣ ብዙውን በአንድ ላስቲክ ጠቅልለው የሚሸጡትንማ እጅሽ አታስገቢው፤ ሁለት ጥፍር ሳትጨርሺ አሸዋው ረግፎ ካርቶኑ ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ በጉልበት ነው የምትፈገፍጊው። 240 ተብሎ የተጻፈበትም ቢሆን ከፕላስቲኩ አውጥተሽ በጣትሽ ጫፍ ዳስሺው፤ እህል እህሉ ከተሰማሽ ቁጥሩ ውሸት ነው።

ለሚላጥ ጥፍር እኔ የምመርጠው የመስታወት ሞረድ ነው። በዚህ ሥራ የቼክ ሪፐብሊክ መስታወት ስም አለው። ትክክለኛው ሲሠራ መስታወቱ ራሱ በኬሚካል ተበልቶ ይሻክራል፤ ሸካራው ክፍል የመስታወቱ አካል ስለሆነ በቀላሉ አያልቅም። አስመስሎ የተሠራው ግን ልሙጥ መስታወት ላይ አሸዋ በማጣበቂያ የተረጨበት ነው፤ ሁለት ሦስቴ ሲታጠብ ይላጣል። መለየት ከባድ አይደለም። ሸካራውን ጠርዝ በሳንቲም ፋቅ አድርጊው፤ የሚረግፍ ብናኝ ካለ ወይም ከሥሩ የሚያብረቀርቅ ልሙጥ ከወጣ መልሺው። ብርሃን ላይ ስታዪውም የውሸቱ አሸዋ እንደ ቀለም ከላይ ተቀምጦ ይታያል። ዋጋው ከወረቀቱ ይበልጣል፤ ግን በሳሙናና በውሃ ይታጠባል፣ በ70 ፐርሰንት አልኮል ይጠረጋል። የወረቀት ሞረድ ግን ውሃና ቆሻሻ ስለሚመጥ በትክክል አይጸዳም፤ የግልሽ ቢሆንም ሲቆሽሽ ይጣላል። መስታወቱ ወድቆ ጠርዙ ቢሸረፍም ጣይው፣ ይቆርጥሻል። ይታጠባል ማለቴ ግን ለእህቶችሽ አውሺ ማለቴ አይደለም። ሦስት ሴት፣ ሦስት ሞረድ።

አጠቃቀሙ ላይ አንድ የሚያምታታ ነገር አለ፤ መቁረጥና መሞረድ አንድ ሰዓት አይወዱም። ጥፍርሽን ማሳጠር ካለብሽ ገላሽን ከታጠብሽ በኋላ ለስላሳ እያለ በስለታም መቁረጫ በትንሽ በትንሹ ቁረጪ፤ ደረቅ ጥፍር ሲቆረጥ ይሰነጠቃል። መሞረድ ግን ሲደርቅ ብቻ ነው። እጅሽን አድርቀሽ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቆዪ፤ ቅዳሜ ማታ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ጠብቂ ልበልሽ።

የወረቀት ሞረድ አዲስ ከሆነ የጎን ጠርዙ ምላጭ ነው። ሌላ ሞረድ በጠርዙ ላይ ጋደም አድርገሽ በሁለቱም ጎን አስኪጂበት፤ ያ ስለት ይሞታል። ሳሎን ውስጥ እንኳ ይህን የሚዘልሉ አሉ፤ የደንበኛዋ ቆዳ የሚደማው ያኔ ነው። ከዚያ የምትሞርጂውን ጣት በሌላው እጅሽ አውራ ጣትና መሃል ጣት ደግፈሽ ያዢ፤ ጥፍሩ እየተርገበገበ አይሞረድም። ሞረዱን ከጥፍሩ ጫፍ ሥር ትንሽ ዘንበል አድርገሽ አሳርፊ፤ ከላይ ወደ ጥፍሩ ገጽ ካጋደልሽው ላይኛውን ድርብ ታሳሺዋለሽ። ከጎን ጀምረሽ ወደ መሃል ሳቢ፣ አንሺ፣ እንደገና ከጎን ጀምሪ። ከሌላው ጎንም እንዲሁ። ወዲህና ወዲያ እንደ መጋዝ አይኬድም። በመስታወት ሞረድ ወዲህና ወዲያ ብትይ ጉዳት የለውም የሚሉ አሉ፤ ለጤነኛ ጥፍር ይሁን፣ ላንቺ ግን አንድ አቅጣጫ። መጨረሻ ላይ ሞረዱን አቅልለሽ ይዘሽ ከላይ ወደ ታች በጠርዙ ላይ አንዴ ወይ ሁለቴ አሳልፊ፣ የተንጠለጠለው ክር ይወድቃል። የጣትሽን ሆድ በጠርዙ ላይ ስታሳልፊ ምንም ካልያዘሽ በቃ፣ አቁሚ።

ቅርጹን ከጫፉ ቀጥ፣ ከማዕዘኑ ጠመም አድርጊው። ቀጭን ለማስመሰል ወደ ጎን ቆዳው ገብተሽ አትሞርጂ፤ ጥፍር አቅሙን የሚያገኘው ከጎኖቹ ነው፣ እነሱን ከበላሻቸው እዚያው ይሰበራል። ለጊዜው ርዝመቱም ከሥጋው አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር አይለፍ።

የሽላኩ ነገር እጅግ ያሳዝነኛል። በጥፍርሽ መሃል ያለው ነጭ ነጭ ጠባሳ ከዚያ ነው፤ ሽላኩን ስትልጪው ላይኛው ድርብ አብሮ ተላጧል። ከዚያ በኋላ የሄድሽበት ሳሎን «እናስተካክለው» ብሎ በ100 ሞረድ ገጹን ፈግፍጎ ሌላ ቀለም ቀባበት ብለሻል። ጠባሳ በመሞረድ አይጠፋም፤ ጥፍሩ ይሳሳል እንጂ። ገጹን ለማብረቅ የሚሸጠው ባለ አራት ፊት ማለስለሻም እስኪያገግም ይቅርብሽ። ወደፊት ጄል ብትሠሪ የጄሉን ወዝ ብቻ በቀስታ ሞርደሽ፣ ጥጥ በአሴቶን ነክረሽ፣ በፎይል ጠቅልለሽ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይተሽ ነው የሚነሳው፤ ካልተነሳ ጨምሪበት እንጂ አትፋቂው። አሴቶን በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ከሰል ወይም ሻማ ባለበት ክፍል አትክፈቺው። ሳሎን ስትሄጂም የራስሽን ሞረድ ይዘሽ ሂጂ። ቅር የሚላት ባለሙያ ካለች ቅር ይበላት፤ ሞረድ በጋራ አይያዝም ያልኩሽ ለሳሎንም ነው።

ለውሃው ጓንት አድርጊ፤ ልብስም ዕቃም ስታጥቢ። ማታ ማታ ቫዝሊን ወይም የወይራ ዘይት በጥፍርሽና በዙሪያው ቆዳ ላይ ማሸት ጥሩ ነው። ነጭ ሽንኩርቱን ግን ተይው፤ ቆዳ ያቃጥላል እንጂ የተላጠ ጥፍር አያጣብቅም። «ማጠንከሪያ» ተብለው ከሚሸጡት ቀለሞች ፎርማልዲሃይድ የሚባል ኬሚካል ያለባቸው ሲደጋገሙ ጥፍሩን አድርቀው እንዲሰበር ያደርጉታል።

የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚያድገው። ጫፍ ላይ የተላጠው በሁለት ወር ውስጥ እየተቆረጠ ያልቃል፤ መሃል ላይ ያለው የሽላክ ጠባሳ ግን እስከ 6 ወር ሊቆይ ይችላል። ቶሎ አልለወጠም ብለሽ ወደ ብረቱ አትመለሺ።

ቫይታሚኑ ባዮቲን ከሆነ ለዚህ ችግር ብዙ አልጠብቅበትም። የምትወስጂው ብዙ መጠን ከሆነ አንዳንድ የደም ምርመራዎችን፣ ለምሳሌ የታይሮይድን፣ ውጤት ሊያዛባ ስለሚችል ምርመራ ከታዘዘልሽ እንደምትወስጂው ለሐኪሙ ንገሪው። የእጅሽ ጥፍር ሁሉ ስስ ሆኖ መሃሉ እንደ ማንኪያ ከጎደጎደ፣ ወይም ድካምና ማዞር ካለብሽ የደም ማነስ ሊሆን ስለሚችል ተመርመሪ፤ የጻፍሽልኝ ግን ያንን አይመስልም። ጥፍሩ ከሥጋው ከተነሳ፣ ከዚህ በፊት ያልነበረ ጥቁር መስመር ከወጣበት ወይም ካመመሽም ወደ ቆዳ ሐኪም ነው እንጂ ወደ ጥፍር ሠሪ አይኬድም። ታላቅ እህትሽም ቢጫውን ጥፍር ለሐኪም ታሳየው፤ የጥፍር ፈንገስ በመሞረድ አይድንም፣ ሕክምናውም ወራት ይፈጃል። የስኳር ሕመም ካለባት ደግሞ የእግር ጥፍሯን ራሷ አትነካካው፤ ትንሽ ጭረት እንኳ ወደ ቁስል ሊሄድባት ይችላል። እስከዚያው ሦስታችሁ የተጠቀማችሁበትን ብረት ዛሬውኑ ጣዪው።