«ት/ቤት» ብዬ ሴቭ ማድረግ ለምን አቃተኝ?

ስለ ፋይል ስም የጠየቃችሁኝ ተጠራቅሟል። ዛሬ ቁጭ ብዬ ልመልስ።

ጥያቄ፦ እህትህ ነኝ፣ የቢሮ ጸሐፊ። «ለት/ቤቱ የተጻፈ» ብዬ ሴቭ ሳደርግ ዊንዶውስ እምቢ ይለኛል። አማርኛ አይችልም እንዴ?

መልስ፦ አማርኛውንስ ይችላል። ያስቸገረችሽ መሀል ላይ ያለችው እዝባር (/) ናት። ኮምፒውተሩ እሷን የሚያውቃት የፎልደር መለያ አድርጎ ነው። «ለት» በሚባል ፎልደር ውስጥ «ቤቱ የተጻፈ» የሚል ፋይል የፈለግሽ ይመስለዋል። እኛ ደግሞ ያለ እሷ መጻፍ አንችልበትም፦ መ/ቤት፣ ጽ/ቤት፣ ወ/ሮ፣ ዶ/ር። ቀኑም 12/5/2016 ነው። ወይ በነጥብ ተኪያት፣ ወይ ቃሉን ሙሉውን ጻፊው። ቀን ሲሆን ዓመቱን አስቀድመሽ በሰረዝ፦ 2016-05-12። እንዲህ ከሆነ ፋይሎቹ ራሳቸው በቀን ተራ ይሰለፋሉ። ዊንዶውስ እነዚህንም አይቀበልም፦ \ : * ? " < > |

ጥያቄ፦ ሁለት ነጥብ ክልክል ከሆነ የእኛው «፡» እንዴት ገባልኝ?

መልስ፦ ለዓይን ይመሳሰላሉ እንጂ ለማሽኑ የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። የግዕዞቹ ፡ እና ። ይገባሉ። አራት ነጥብ ለመሥራት «::» የምትደረድር ከሆነ ግን ያው የፈረንጁ ነው፤ አይገባም።

ጥያቄ፦ ፋይሉን እዚሁ እንዳስቀመጥኩት እርግጠኛ ነኝ። ስፈልገው ግን የለም ይለኛል።

መልስ፦ «ዓመታዊ» ብለህ አስቀምጠህ «አመታዊ» እያልክ እየፈለግህ እንዳይሆን። ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ዝምድና የላቸውም። እኔው ራሴ «ሠርግ» ያልኩትን ፎልደር «ሰርግ» እያልኩ ግማሽ ቀን አጥፍቻለሁ። አብራችሁ የምትሠሩ ከሆነ አንዱን መርጣችሁ ተስማሙ።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስ የተቀበለውን ረጅም ስም ሊኑክስ ሰርቨር (በዊንዶውስ ፋንታ በሊኑክስ የሚሠራ የጋራ ኮምፒውተር) ላይ ስገለብጠው አልቀበልም አለ።

መልስ፦ ሊኑክስ የሚቆጥረው ፊደሉን ሳይሆን ባይት (የኮምፒውተር የመረጃ መለኪያ) ነው፤ የአንድ ስም ጣሪያው 255 ባይት። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን በባይት የመጻፊያ ስልት) 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ 85 ፊደል ላይ አለቀልህ። ዊንዶውስ ፊደል ስለሚቆጥር እስከ 255 ያስኬድሃል። የደብዳቤውን «ጉዳዩ» እንዳለ ገልብጣችሁ የፋይል ስም የምታደርጉ፣ ኧረ ተዉ!

ጥያቄ፦ የተላከልኝን ዚፕ (ብዙ ፋይል በአንድ የተጠቀለለበት) ስፈታው የአማርኛ ስሞቹ ዝብርቅርቅ አሉ።

መልስ፦ ዚፑን የሠራው ፕሮግራም አሮጌ ሊሆን ይችላል። ላኪው 7-ዚፕ በሚባለው ፕሮግራም ጠቅልሎ እንደገና ይላክልህ። አትደንግጥ፣ ስሙ ነው እንጂ ውስጡ ደህና ነው።